የማይፈለጉ ጫፎች

ምንታምር ጠዋት ጠዋት የጨረቃን ሰላምታ ትከረክማለች፤ እንጀራዋ ነው። ከጨረቃ ጣቢያዎች ወደ ምድር የሚመጣ መልእክት ሁሉ በ«ከርካሚ» ያልፋል። ከርካሚ ማለት ከጽሑፍ ግራና ቀኝ ጫፍ የማይፈለገውን ፊደል፣ ነጥብና ክፍት ቦታ ቆርጦ የሚጥል ፕሮግራም ነው።

የኛ ሰው መልእክት ደግሞ ጫፉ ከመሃሉ ይበልጣል። ሽንኩርት አብቃዩ ጋሽ ድንበሩማ፣ ሣር ከማይበቅልበት የጨረቃ ጉድጓድ ብቻቸውን ተቀምጠው «ከብቶቹ እንዴት ናቸው?» ሳይሉ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ሰላምታቸው ቢዘረጋ ጨረቃን ሁለቴ ዞሮ ለመቀነት ይተርፋል። ስለዚህ ምንታምር ከርካሚውን «ሰላምታውንም ምርቃቱንም ቁረጥ» ብላ አዘዘችው።

ያን ቀን ለጣቢያዎቹ ስንቅና አየር የምታደርሰው አመላላሽ መርከብ በጉድጓዱ አናት ልታልፍ ስትል የጋሽ ድንበሩ መልእክት ተከርክሞ ወጣ፦ «ሽንኩርቱ አድጓል።»

«በቃ፣ ሰውየው ደህና ናቸው» አለ አለቃዋ ፋንታሁን። «መርከቧ ሳትቆም ትለፍ።»

ምንታምር ግን አልተዋጠላትም። ጋሽ ድንበሩ ስለ ሽንኩርት ከጀመሩ ምሳ ያልፋል እንጂ በሁለት ቃል አይለቁም።

«ቁርጥራጩን ልየው።»

«አንቺ ሴት፣ የሰው ከብት ጤና ለማንበብ መርከብ አይዘገይም እኮ!»

ምንታምር ከርካሚው የቆረጠው የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ከፈተች።

«ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? ከብቶቹስ? እኔ፣ ከአየሩ ማለቅ በስተቀር፣ ተመስገን በጣም ደህና ነኝ።»

ማይክሮፎኑን ከፋንታሁን እጅ መነጨቀችው። «ካፒቴን ዘውድነሽ፣ ተመለሺ! ሰውየው ሊታፈኑ ነው!»

መርከቧ ጉድጓዱን አልፋ ነበር። ፋንታሁን አንገትጌውን ፈታ።

«እየዞርኩ ነው» አለች ካፒቴኗ በመጨረሻ።

መርከቧ ከጉድጓዱ በር ጋር ገጥማ፣ በሩ ተፈልቅቆ ጋሽ ድንበሩ ሲወጡ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። የመርከቧ ሰዎች የአየር ጭንብል አጠለቁላቸው።

«ጋሼ፣ ምነው መጀመሪያ አየር አለቀ ብለው ቢጮሁ?» አለቻቸው ምንታምር በሬዲዮ።

«ሰላም ሳልል? ከዱር ነው እንዴ የመጣሁት፣ ልጄ?»

ፋንታሁን ሳቀ። ምንታምር ግን አልሳቀችም፤ ሌላስ ምን ቆርጬ ይሆን ብላ የየጣቢያውን ቅርጫት ታገላብጥ ጀመር። አንዱ ወገቡን ያማርራል፣ አንዷ የእህቷን ሰርግ ትጠይቃለች፣ አንዱ ወጥ ሠሪውን ይራገማል። ባዶ ሆኖ የተገኘው የሰሜን ዋልታው ጣቢያ ቅርጫት ብቻ ነበር።

«እነሱማ ጎበዞች ናቸው፤ መልእክታቸው አጭር፣ ንጹ…» ፋንታሁን ቃሉን ሳይጨርስ ዋጠው።

ምንታምር ጻፈችላቸው፦ «እንደምን ሰነበታችሁ? ማን ልበል?»

መልሱ በሦስት ሰከንድ ደረሰ፤ ጨረቃ ደርሶ መልስ ብቻ ያን ያህል ይፈጃል። ሰው እንዲያ ፈጥኖ አይጽፍም።

«ሁሉም ተሟልቷል።»

«እባካችሁ፣ አንዳችሁ ስማችሁን ንገሩኝ።»

«ሁሉም ተሟልቷል።»

«አቶ ፋንታሁን» አለች ቀስ ብላ፣ «ከዚያ ጣቢያ ሰው ካናገረን ስንት ዓመት ሆነ?»