ደኃሪና አድኃሪ

፲፱፻፷፱ ዓ.ም.፣ መጋቢት ሲጋመስ፣ እንጦጦን ጉም ለብሶት ነበር፤ ወደ የካ የሚወርደው መንገድ ጨቅይቶ፣ እንጨት ተሸካሚዎች እግራቸውን እየመረጡ ይወርዱ ነበር። የቀበሌው ስብሰባ ግን በሁለት ሰዓት ተጀመረ፤ ጸሐፊው መሪጌታ አምሃም የተገኙትን ሁሉ በቁም ጽሕፈት መዘገቡ። ጎረቤታቸው ወለተማርያም ሸክሟን አውርዳ ስትደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበርና፣ በስሟ አንጻር «ደኃሪ» ብለው ጻፉ፤ በተማሩበት ግእዝ ኋላ የመጣ ማለት ነው፤ ክፋት አላሰቡባትም።

በሳምንቱ ታጣቂዎች ወሰዷት። ዝርዝሩን በታይፕ የገለበጠው ሰው ቃሉን አያውቀውምና፣ ፊደል የተዘለለ መስሎት «አድኃሪ» አድርጎት ነበር፤ ያን ሰሞን ሬዲዮኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወግዘው ይህንኑ ነበር።

ልጇ መቅደላዊት እያለቀሰች ስትነግራቸው፣ አምሃ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ሰላሙ ሄዱ። በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው።

«ጓድ መሪጌታ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊዘምሩልን መጡ?»

አምሃ የአንዲቱን ፊደል ነገር አስረዱት። እሱም በጥሞና ሰምቶ፣ ቃላቱ ከምን እንደ ወጡ ጠየቀ፤ መምህር ናቸውና መዋሸት አልሆነላቸውም፤ ሁለቱም ከአንድ ግስ መውጣታቸውን፣ አንደኛው ኋላ የቀረ፣ ሌላው ወደ ኋላ የሚያስቀር ማለት መሆኑን ተናገሩ።

«ታዲያ ምኑ ተሳሳተ? ሕዝቡ ወደ ፊት ሲሄድ ኋላ ቀረች፤ ይኸው እርስዎንም እየጎተተች ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሴትዮዋ እንጨት ተሸክማ ነው እኮ የዘገየችው።»

«ይህን የሚለው ጸሐፊው ነው ወይስ ጎረቤቷ?»

 ሰላሙ በታይፕ የተመታውን ወረቀት ገፋ አደረገላቸው፤ እሳቸውም ልጆቻቸውን አሰቡና፣ ከግርጌው «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብለው ፈረሙ። ወለተማርያም አልተመለሰችም።

ዘመኑ አለፈ፤ ሬዲዮኑም ሌላ ቃል ለመደ። የዚያን ጊዜ ታሪክ የጻፉ ሰዎች በድርጅቶቹ አቋም ብዙ ተከራከሩ፤ የገደሉትም የተገደሉትም አድኃሪ የሚለውን ስም እየተቀባበሉ እንደ ተጠራሩበት ጻፉ። ወለተማርያም የምትገኝበት የቀረ ወረቀት ግን አምሃ የፈረሙበት ዝርዝር ብቻ ነው፤ እሱም የስም፣ የቀበሌና የአቋም ዓምድ አለው፤ ለሸክም ዓምድ የለውም።