ባትሪ የማይሞላው ሞተርሳይክል

ሟቹ በጋራዡ ውስጥ ከአሮጌው ሞተርሳይክል ጎን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን እንደጨበጠ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ሰፈሩ «አባ ብልጭታ» የሚለው የሞተር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ባትሪ አልሞላ ያለ ሞተር ሁሉ መጨረሻው እሱ ጋ ነው። ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። ሐኪሙ አየውና «የሞተር ጭስ ነው» ብሎ ወጣ።

መርማሪዋ ግን አልወጣችም። ደሟን ያፈላው በሩ ላይ ያየችው ነገር ነው። የሟቹ ሴት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ «እኔ ነኝ የገደልኩት! በገዛ እጄ ዘጋሁበት!» ትላለች። አጎቷ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድምና የሥራ ባልደረባ፣ ትከሻዋን አቅፎ «ሳታውቂ ነው የኔ እናት፤ እግዜር ይቅር ይልሻል» ይላታል። እንዲህ ያለ ማጽናናት ከእርግማን በምን ይሻላል?

«ማን አገኘው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ» አለ አጎትየው። «ጠዋት በኋላ በር ስገባ ወድቆ አየሁት። ምንም አልነካሁም፤ ሮጬ ወጥቼ ጮህኩ።»

«ሞተሩ ይሠራ ነበር?»

«ኧረ ጠፍቶ ነበር። ነዳጁን ጨርሶ ይሆናል። ምን ታድርግ፣ የፊቱን በር ጥርቅም አድርጋበት ሄደች።»

መርማሪዋ ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለች። «እስቲ ንገሪኝ እህቴ። ለምን ዘጋሽው?»

«ዛሬ በማለዳ አቧራው መከራችንን አበላን። አባቴ ‹ዝጊውና ሂጂ፣ እኔ ቻርጁን ለክቼ በኋላ በር እወጣለሁ› አለኝ። ባትሪውን መሙላት አለመሙላቱ የሚታወቀው ሞተሩ ሲሠራ ነው።»

«ጭሱስ?»

«ቱቦው ነበራ! የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ሰክቶ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጓሮ አውጥቶታል። በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ደንግጣ ነው» አለ አጎትየው ፈጠን ብሎ። «ቱቦው ያው፣ ከሚስማሩ አልወረደም።»

እውነትም ቱቦው በወጉ ተጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። መርማሪዋ ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ አወጣች፤ ጣቷ እርጥብ ጥላሸት ሆነ። የነዳጅ ጋኑን ከፈተች፤ እስከ ግማሽ ነዳጅ አለው። የማስነሻውን ቁልፍ አየች፤ ወደ ማጥፊያው ዞሯል። ወንበሩን አነሳች። ከሥሩ ያለው ሁሉ ጭቃ የጠገበ ነው፤ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ብቻ ገና ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል።

ይኼኔ የሞተሩ ባለቤት ደረሰች። አዋላጅ ናት፤ በዚህ ሞተር ነው ወላዶች ቤት የምትደርሰው። አጎትየው ገና ሲያያት «ይቺን ጠይቋት! ‹ሳልገድላችሁ አልቀርም› ብላ ዝታብናለች» አለ።

«ብያለሁ!» አለች አዋላጇ። «አሁንም እላለሁ! ምጥ የያዛትን ሴት ከኋላዬ ጭኜ፣ ገደል አፋፍ ላይ መብራቱ ድርግም አለብኝ! አዲስ ሬጉሌተር ብለህ አስከፈልከኝ፣ ባትሪው ደግሞ ሞተ። መልሼ አመጣሁት፣ ደግሞ ሞተ። የገጠምከው አንተ አይደለህም? ትናንት ግን ወንድምህ ደወለልኝ። ‹ነገ ነይ፣ የተገጠመልሽን ጉድ አሳይሻለሁ› አለኝ። ድምፁ በንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሞተሩ ዙሪያ አቆመቻቸውና ቁልፉን ከፈተችው። ወደ አዋላጇ ዞራ «ያንን የሬጉሌተሩን ሽቦ ንቀይልኝ» አለቻት።

አዋላጇ እጇን ሰደደች።

«ኧረ ቁልፉን አጥፊ!» ብሎ አምባረቀ አጎትየው። ዘሎም ራሱ አጠፋው። «ቁልፍ ሳይጠፋ እንዴት ይነቀላል? ልታቃጥይው ነው?»

«ተባረክ» አለች መርማሪዋ። «የጎደለኝ ይኸው ነበር። ነዳጅ አልቆ ሞተር ሊቆም ይችላል፤ ቁልፍ ግን ራሱን አያጠፋም። ነዳጁም አላለቀም። ሟቹ አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ በጭስ ባልሞተ። ስለዚህ እሱ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ገብቷል። ሊያድነው ቢሆን ይጮህ ነበር። የገባው ሬጉሌተር ሊቀይር ነው! ባለሙያ ነዋ፤ ወንድሙ እግሩ ሥር ተዘርሮ እንኳ ቁልፍ ሳያጠፋ ሽቦ አይነካም!»

«ራሱ ቀይሮት ቢሆንስ?» አለ አጎትየው። ላቡ መጥቷል።

«አሮጌውስ የት አለ? ለአዋላጇ ሊያሳያት የጠራትን ጉድ ዋጠው? ቱቦውም ውስጡ ገና ጥላሸት ነው፤ ልጅቷ እውነቷን ነው። አንተ ጓሮ ቆመህ ጫፉን በቀዳዳው ወደ ውስጥ መለስከው። ይሄ ጭስ ሳይታወቅ ነው ጉልበት የሚሰልበው። ሲያልቅለት በኋላ በር ገባህ፣ ቱቦውን ጠቅልለህ ሰቀልክ። የዚያ በር አንዱ ቁልፍ ሟቹ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሌላው ያው ወገብህ ላይ ተንጠልጥሏል።»

አጎትየው የመሣሪያ ሳጥኑን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ። አዋላጇ አየችው። ሳጥኑን ገልብጣ አንድ ጥቁር ሬጉሌተር አነሳችና በጥፍሯ ፋቀችው። ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩ ዝገት ብቻ ነው።

«ከተጣለ ሞተር ፈትተህ ቀለም የቀባኸውን ነው የሸጥክልኝ?»

«በሰው ፊት ሌባ ሊለኝ ነበር» አለ። «ለምኜው ነበር፤ እምቢ አለ።»

ልጅቷ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «ከጠዋት ጀምሮ አቅፈኸኝ ነበር እኮ! እግዜር ይቅር ይልሻል ስትለኝ ነበር! ዕድሜ ልኬን አባቷን የገደለች ሆኜ ልኖርልህ ነበር?»

በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ገብተው ክንዱን ይዘው ወሰዱት።

ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም።»

«ለእኔ አይደለም! ለእነሱ ንገሪልኝ። ጠዋት እኔ ነኝ ስል ሁሉም ሰምተውኛል።»

መርማሪዋ ጎረቤቱ ወደ ተሰበሰበበት በር ወጣች። «ስሙ!» አለች ጮክ ብላ። «ይቺ ልጅ አባቷን አልገደለችም!»