ከአራታችን ሦስታችን

«አትሳቂ!» አለ ፎቶ አንሺው እንደገና። «ጥርስ ከታየ አይቀበሉትም።»

ሊጋያ ከንፈሯን ገጠመች። ወንድሟ አርኔል ግን ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆሞ ጉንጮቹን እንደ እንቁራሪት ነፍቶ ነበርና መልሳ በሳቅ ፈነዳች። እናታቸው በጓንቷ ትከሻውን መታ አደረገችው። «አንተ ልጅ! ሰውየውን ሥራ አታስፈታው!»

አባታቸው አልሳቀም። ተራው ሲደርስ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ካፖርቱን ለበሰ። ፎቶ አንሺው ወደ አርኔል ዞሮ «አንተስ?» አለው።

«እኔ ሾፌር ነኝ» አለ አርኔል።

የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻቸው የጸደቀው ለሦስት ሰው ብቻ ነበር። ወደ ካናዳዋ ከተማ ዊኒፔግ ከመጡ ዓመታት አልፈዋል። አባትየው ሥጋ ፋብሪካ፣ እናትየው አረጋውያን መጦሪያ ሲሠሩ ኖረዋል። ማመልከቻው ሲገባ ግን አርኔል ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት ስለነበር፣ በሕጉ ዓይን ከወላጆቹ ጋር የሚቆጠር ልጅ አልነበረም። የራሱ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያበቃልና ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። አሁን የቀራቸው ፎቶውን ልኮ፣ ካናዳ ውስጥ መሆናቸውን በኢንተርኔት አረጋግጦ፣ ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

የምሥራቹ የመጣ ቀን አባትየው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «አርኔል አገር ቤት የሚያርፍበት ከሌለው እኔ ይኼን ነገር አልፈልገውም። ሁላችንም እንመለሳለን።»

«ኧረ አባዬ! የክርስትና አባቴ ዶዶንግ እዚያው ኢሎኢሎ ውስጥ ትልቅ ጋራዥ አለው። ክፍልም ሥራም አዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነው። እንዲያውም ከዚህ በረዶ ተገላገልኩ!» አርኔል ይኼን ሲል እየሳቀ ነበር፤ ሁሉም አመኑት።

ቅዳሜ ዕለት የአክስታቸው ልጅ ጄሳ ከኢሎኢሎ ደወለች። ሊጋያ ታላቅ ወንድሟን በስሙ አትጠራም፤ «ኩያ» ነው የምትለው።

«ኩያ ሲመጣ ጋራዡ ድረስ እየሄድሽ እንዳትነዘንዢው» አለቻት እየቀለደች።

«የቱን ጋራዥ?»

«የዶዶንግን ነዋ።»

«ዶዶንግ እኮ ቤቱንም ጋራዡንም ዘግቶ ዱባይ ከሄደ ቆየ። ኩያ ያውቃል፤ እኔው ነኝ የነገርኩት።»

ሰኞ ጠዋት አርኔል ትምህርት ቤት ሊያደርሳት የመኪናውን መስተዋት በረዶ እየፋቀ ነበር። ሊጋያ በሩን ሳትከፍት ከጎኑ ቆመች።

«ጄሳ ነግራኛለች።»

መፋቁን አቆመ። «ለማን አወራሽ?»

«ለማንም።»

«ጎበዝ። ማረጋገጫውን እስኪልኩት ድረስ ዝም በይ። ከዚያ በኋላ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«የት ልታድር ነው?»

«አገሬ አይደል እንዴ? አላጣም።»

«አትሸውደኝ፣ ኩያ።»

አርኔል ወደ ቤቱ መስኮት ቀና ብሎ አየ። «የአባዬን ጣቶች አይተሻቸዋል? ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምትቆልፍለት እማዬ ናት። ይኼን ሁሉ ዓመት ቢላዋ ጨብጦ የኖረው በመጨረሻ በእኔ ምክንያት ጥሎት እንዲሄድ ነው? ምንም ለምኜሽ አላውቅም። ይኼን ብቻ።»

ሊጋያ በሩን ከፍታ ገባች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባትየው ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ፎቶዎቹ ገብተዋል፤ አድራሻው ተሞልቷል። የቀረው መላክ ነው። ጣቱን ከፍ አድርጎ ቆየና ወደ አርኔል ዞረ።

«የዶዶንግን ስልክ ስጠኝ እስቲ። ሳላመሰግነው ይኼን ብልክ ነውር ነው።»

«አሁን እዚያ አልነጋም፣ አባዬ። ተኝቷል።»

«እሺ።» አባትየው ወደ ሊጋያ ዞረ። «አንቺ ከጄሳ ጋር አውርተሽ የለ? ጋራዡ እንዴት ነው አለችሽ?»

አርኔል ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። ሊጋያ ሳምንቱን ሙሉ «ደህና ነው» ማለትን ተለማምዳ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ግን የአባቷን ፊት አየችው፤ የጠየቀው ስለ ጋራዥ አልነበረም። «ልጄ የት ነው የሚያድረው?» ማለቱ ነበር።

«ዝግ ነው» አለች። «ዶዶንግ አገር ውስጥ የለም።»

አርኔል ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «አንቺን ብሎ እህት!» በዚያ ብርድ ካፖርት ሳይለብስ ወጣ። አባትየው ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። እናትየው ዕቃ ልታጥብ ተነሥታ ደረቅ ሰሃን ስታሽ ቆየች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። አርኔል ሊጋያን ትምህርት ቤት ማድረሱን ተወ፤ እሷም በአውቶቡስ መሄድ ጀመረች። ረቡዕ ማታ ግን አባቱ ፊት መጥቶ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ተከትላችሁኝ ብትመጡ አራታችንም የተዘጋ በር ላይ ነው የምንቆመው። እዚህ ብትሆኑ ብወድቅ እንኳ የሚያነሣኝ አለ። ከእኔ ጋር አትውደቁ።»

አባትየው ለመናገር አፉን ከፈተና እንባ ቀደመው። ሊጋያ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ደግነቱ ብዙ አልቆየም፤ ፊቱን በክንዱ ጠረገና «አምጪው» አላት። ላፕቶፑን አመጣችለት። ላከው።

እናትየው በዚያው ሌሊት ኢሎኢሎ ያለች የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን አፈላልጋ አገኘች። አርኔል ሥራ እስኪያገኝ የሚተኛበት የጓሮ ክፍል ተገኘለት። ሊጋያ እውነቱን ስለተናገረች ነው የተገኘው። አርኔል ግን ለዚያም አላመሰገናትም። አውሮፕላን ማረፊያ እናትና አባቱን አቅፎ ሳመ፤ ሊጋያን በጓንቱ አናቷን ነካ አድርጓት ሄደ።

የቋሚ ነዋሪነቱ ማረጋገጫ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣ። እናትየው ኑድል ሠርታ አበላች፤ ራሷ ግን አልቀመሰችም። በየቀኑ ትደውልለታለች።

«በላህ?»

«በልቻለሁ፣ እማዬ።»

«ሥራውስ?»

«ተስፋ አለ።»

ከሊጋያ ጋር አገናኙኝ ብሎ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ሊጋያ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ራሷ ደወለችለት። እዚያ መሽቷል። አነሣው። ሞተር ሳይክሎች ሲያልፉ ይሰማል።

«ኩያ፣ ምን በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«በላህ ወይ አላልኩህም። ምን በላህ ነው ያልኩህ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሏት አየችው።

«ምንም» አለ በመጨረሻ። «ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር ዋልኩ። ሁሉም ‹ሰው ሞልቶናል› አሉኝ። ከዚያ መብላቱም አስጠላኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

«እኔ አልነግራትም። ነገ ራስህ ትነግራታለህ። አሁን አጠገብህ ምግብ የሚሸጥ አለ?»

«ጥጉ ላይ አንዲት ሴትዮ ሩዝና ዓሣ ትሸጣለች። ልትዘጋ ነው መሰለኝ።»

«ሂድና ድረስባት።»

«አንቺ ትምህርት የለሽም እንዴ?»

«ሂድ እንጂ፣ ኩያ! እስክትበላ አልዘጋውም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ሾፌሯ ወደ ሊጋያ አየች። ሊጋያ በእጇ ሂጂ አለቻትና፣ ስልኩን በኮፍያዋ ሥር ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የወንድሟን እርምጃ ማዳመጥ ጀመረች።