ገጽ ገላጯ

«ማነው ያበላሸው?» አሉ የመዘምራኑ መሪ፣ በትራቸውን በኖታ ማስቀመጫው ላይ እያንኳኩ።

አርባው ዘማሪ እርስ በርሱ ተያየ። የገናው ዝግጅት ሊቀርብ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«ፌንጣ ናት» አለች ፒያኖ የምትጫወተው አክስቷ፣ እጇን ከፒያኖው ላይ አንስታ። «አራተኛውንና አምስተኛውን ገጽ እንድታልፍ ተነግሯት ነበር፤ አላለፈችም።»

ፌንጣ ክው አለች። ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጣ የኖታውን ገጽ የምትገልጠው እሷ ናት፤ ፌንጣ የተባለችውም በየገጹ ብድግ ቁጭ ስለምትል ነው። ሁለቱን ገጾች በአንድ ላይ ይዛ አልፋቸዋለች። ይኸው፣ ስድስተኛው ገጽ ፊታቸው ተገልጦ ተቀምጧል! አክስቷ ግን በእነዚያ ሁለት ገጾች ላይ ያለውን፣ መሪው የሰረዙትን ክፍል አንድም ሳታስቀር ተጫውታዋለች፤ ዘማሪዎቹ ደግሞ እንደታዘዙት ዘለው ሄደዋል። ፒያኖው ወዲያ፣ መዝሙሩ ወዲህ።

«እስከ ስድስት መቁጠር የሚማሩት ስንተኛ ክፍል ነው?» አለ ከኋላ ከቆሙት ወንዶች አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

«አንዴ እንደግመዋለን» አሉ መሪው። «አሁንም ከተበላሸ ግን፣ አንቺ ልጅ፣ ቦታሽ ላይ የኔ ልጅ ትቀመጣለች። አሥር ደቂቃ እረፍት!»

ትልቅ ሰው ሲዋሽ «ነገር ማለሳለስ» ይባላል፤ ልጅ ሲዋሽ ግን ውሸት ነው። ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው ቢያሳዩአት ፌንጣ ሄዳ ትሞግተው ነበር።

የአክስቷን ክንድ ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«ለምን በእኔ ላይ አላከክሽ?»

«አይ ፌንጣዬ! ልጅ ነሽ። ልጅ ቢሳሳት ማን ይቆጥርበታል?»

«እሳቸው ቆጠሩብኛ! የተገለጠው ስድስተኛው ገጽ ነበር፣ አክስቴ። አላየሽውም።»

አክስቷ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ካለፈው ሳምንት። ተሳስቼ የሌላ መዝሙር ኖታ ገለጥኩልሽ። አንቺ ግን ይሄንኑ የገናውን ዜማ ተጫወትሽ። ጭራሽ ‹ጎበዝ፣ በሰዓቱ ገለጥሽ› አልሽኝ።»

አክስቷ ሳቋ አመለጣት፤ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። «ጭጋግ ነው የሚታየኝ። ወሬው ከወጣ የፒያኖ ተማሪዎቼ ይበተናሉ። ኖታውን ለማታይ አስተማሪ ማን ልጁን ይሰጣል? ከዚያ በምን ልኖር ነው? ዜማውንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጣቶቼ ናቸው አንዘልም ያሉኝ፤ እዚያ የተሰረዘው ቦታ ሲደርሱ በለመዱት መንገድ ይነጉዳሉ።»

ፌንጣም ያን ቦታ ታውቀዋለች። ከገናው ዜማ ሁሉ የምትወደው እሱን ነው። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት፣ እናቷ ሥራ ውላ እስክትመለስ፣ አክስቷ በቀኝ እጇ አቅፋት በግራ እጇ ብቻ ያንን ክፍል ስትጫወትላት ዋለች። በዓመቱ ዜማው በሁለት እጅ ሲመታ ስትሰማ «ማነው የሚረብሸው?» ብላ አለቀሰች ይባላል። ዛሬም ያ ክፍል ሲደርስ ጀርባዋ ላይ የአክስቷ ክንድ ይሰማታል። መሪው ግን «ረዝሟል፤ ተመልካቹ ይሰለቻል» ብለው በእርሳስ ሰረዙት። ያው ያቀፋት ክንድ ደግሞ ዛሬ ገፈተራት።

«የእሳቸው ልጅ ብትቀመጥ በአንድ ቀን ትነቃብሻለች» አለች ፌንጣ። «እኔም ማንም የማያየውን ገጽ እየገለጥኩ መቀመጥ አልችልም።»

«ልትናገሪብኝ ነው?»

ከውስጥ በትሩ ተንኳኳ።

ተመልሰው ፒያኖው ፊት ተቀመጡ። ፌንጣ ብትናገር አክስቷ ጉድ ሆነች። ዝም ብትል እዳው የእሷ ነው፤ ያም ሆኖ እነዚያ ጣቶች እንደገና ይነጉዳሉ። መሪው በትራቸውን አነሱ።

ወደ አክስቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «ኖታውን ልዝጋው?»

አክስቷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣመረች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ መሪው።

«ዝጊ ካላልሽኝ አልዘጋውም» አለች ፌንጣ በሹክሹክታ። «ግን አልገልጥም።»

«ዝጊው» አለች አክስቷ፣ ሳታንሾካሹክ።

ኖታው ጧ ብሎ ተዘጋ። አርባ ራስ ዞረ።

«ኖታውን ማየት ካቃተኝ ሁለት ወር ሆኖኛል» አለች አክስቷ፣ የመሪው ድምፅ ወደመጣበት አቅጣጫ ዞራ። «የቅድሙ ጥፋት የኔ ነው። ልጅቷ ትክክል ነበረች።»

የሳቀ አልነበረም። በትሩ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። መሪው ያወርዱት ይሁን ያስጀምሩበት፣ ፌንጣ ቀና ብላ አላየችም። ወንበሯን ወደ አክስቷ ሳበች።

«ሦስተኛው ገጽ ሊያልቅ ሲል ትከሻሽን እነካሻለሁ» አለቻት። «ያኔ የተሰረዘውን ትዘያለሽ።»

እጇን አነሳችና የአክስቷ ትከሻ አጠገብ አድርጋ ጠበቀች።