ባለ አረንጓዴ ጥበቧ

በጃንሆይ ዘመን ዓለምነሽና ብርቅነሽ የሚባሉ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ቀጨኔ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ያላቸው አንድ አልጋ፣ አንድ መቀስና አንድ የክት ቀሚስ ነው። አረንጓዴ ጥበብ ያለውን ያን ቀሚስ ተዋጥተው ስለገዙት፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በየእሑዱ በተራ ይለብሱታል።

በዓለምነሽ ተራ ዝናብ መጣ። መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ላይ ለሜሳ የሚባል የዊንጌት ሰፈር አናጢ ጃንጥላውን አጋራት። ከዚያ ወዲያ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ዓይኖቻቸው ብዙ ያወራሉ፤ አፋቸው ግን ከሰላምታ አያልፍም። ለሜሳ ስሟን መጠየቅ አፍሮ ሽማግሌ ላከ። እንዲህ ያለም ዓይን አፋር አለ!

ሽማግሌዎቹ የልብስ ሰፊዎቹን አከራይ እትዬ ሙሉእመቤትን «ባለ አረንጓዴ ጥበቧን ለልጃችን» አሏቸው። እሑድ ከልጁ ጋር መጥተው መልስ ሊሰሙ ተቀጣጠሩ። እሑድ ደግሞ የብርቅነሽ ተራ ነው።

«እኔንም ያየኛል» አለች ብርቅነሽ።

«የሚፈልገው እኔን ነው።»

«ስምሽን ጠርቷል?»

ብርቅነሽ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አልተናገረችም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ይህኛው ግን ያስፈራ ነበር። ዓለምነሽ ለሜሳን እንዳታጣ ፈራች፤ አብራት የምትተኛዋን ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ፈራች።

እሑድ ጠዋት ቀሚሱን ቀድማ ያዘችው።

«የዛሬን ብቻ ተይልኝ፣ በሞቴ።»

ብርቅነሽ መቀሱን አነሳች። ወደ ፊቷ ሲመጣ ዓለምነሽ በእጇ ጋረደችው፤ መዳፏ ተሰነጠቀ። ብርቅነሽ ቀሚሱን ነጥቃ ለበሰች፤ ደም የነካውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ እትዬ ሙሉእመቤት ቤት ሄደች።

ዓለምነሽ እጇን በጨርቅ አስራ ተከተለቻት። ስትደርስ ለሜሳ ብርቅነሽን አተኩሮ እያያት ነበር።

«እሷ አይደለችም» አለ።

«ባለ አረንጓዴ ጥበብ አላላችሁም?» አሉ እትዬ ሙሉእመቤት።

«ጥበቡን ለምልክት ብዬ ነው፣ እትዬ። እኔ የማውቀው ፊቷን ነው።»

ዞር ሲል በሥራ ልብሷ በሩ ላይ የቆመችውን ዓለምነሽን አያት። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ዓይኑ ጨርቁ ላይ አረፈ።

«እጅሽን ምን ነካሽ?»

ብርቅነሽ አንገቷን ደፋች።

«ልብስ ስቆርጥ ነው» አለች ዓለምነሽ። ስሟንም ነገረችው።

እስከ ሠርጓ ድረስ በእትዬ ሙሉእመቤት ጓዳ ልትቀመጥ በዚያው ቀን ዕቃዋን ሸከፈች። ቀሚሱን ለብርቅነሽ ተወችላት። መቀሱን ግን ይዛው ወጣች።