ቀዝቃዛው ውሃ የቀረበት ማለዳ

የሰባ ስምንት ዓመቱ ዊልፍሬድ ክራብትሪ ሻወር ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ ሲገኝ ትከሻና ደረቱ ተቀቅሎ ነበር። ሕመምተኛ ልቡ አልቻለችውም። ኢንስፔክተር ሙሪየል ሆልሮይድ ሻወሩን ከፈተችው፤ ሙቁም ቀዝቃዛውም እኩል ወረደ።

«ይኸው!» አለ የሻወሩን ፓምፕ የገጠመው ቧንቧ ሠራተኛ ፒው። «የእኔ ሥራ ሰው አይገድልም።»

«ታዲያ ማን ቀቀለው?»

ከሟቹ ጋር የሚኖረው ልጁ ኮሊን ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «እንደ ልማዱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። ሲጮህ በሩን ሰብሬ ደረስኩ፤ ደቂቃ አልሞላም። ውሃው ይጨስ ነበር።»

ቤቱ አስቸጋሪ ነው። ገደል ላይ ስለተሠራ ሁለት ቤት አንዱ ባንዱ ራስ ላይ ተቀምጧል። የታችኛው በር ወደ ካልደር ወንዝ፣ የላይኛው ወደ ዳገቱ መንገድ ይከፈታል፤ በውስጥ የሚያገናኛቸው ደረጃ የለም። ከላይ የሚኖሩት የሟቹ ታናሽ ወንድም ሌናርድና ሚስቱ ሄስተር ናቸው።

«ቀዝቃዛው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከላይኛው ቤት ኮርኒስ ውስጥ ካለው ታንከር፣ ለብቻው በዘረጋሁት ቧንቧ» አለ ፒው። «ከመንገዱ የውሃ መስመር በቀጥታ በፓምፕ መሳብ ክልክል ነው። ሙቁ ግን ከታች፣ ከራሱ የውሃ ማሞቂያ ነው።»

ሙሪየል፣ ፒውና ኮሊን ዳገቱን ዞረው ወደ ላይኛው ቤት ገቡ። ካንሰር አልጋ ላይ የጣለው ሌናርድ ግርጌ ወደ ኮርኒሱ የሚያወጣ መሰላል ቆሟል። ሙሪየል ወጥታ የቧንቧውን መዝጊያ ጨበጠች። ክፍት ነው፤ ግን ንቅንቅ አይልም።

«አቶ ፒው፣ መዝጊያ ሲከፍቱ እስከ የት ያዞራሉ?»

«እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ ግማሽ ዙር እመልሳለሁ። አለዚያ ይነክሳል፤ ተጣብቆ አልዞርም ይላል።»

«ይሄ ነክሷል። ወይዘሮ ሄስተር፣ ዛሬ ወደዚህ የወጣ አለ?»

«ማንም። ሁለታችንም ተኝተን ነበር።»

«አቶ ሌናርድ?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።

ሙሪየል አልጋውን ከበው እንዲቀመጡ አደረገች። «ቀዝቃዛው ከዚህ ተዘግቶ ነበር። ቧንቧው ውስጥ የቀረው እንዳለቀ ፓምፑ የፈላውን ብቻ ገፋ። ከዚያ አንድ ሰው ደንግጦ ባለ በሌለ ኃይሉ መልሶ ከፈተው። ፒው ቢሆን ግማሽ ዙሩን አይረሳም። ኮሊን በደቂቃ ውስጥ አባቱ ጋ ነበር፤ ዳገቱን ለመዞር እኛ ሰባት ደቂቃ ፈጅቶብናል። ከውጭ የመጣም በዚህ አልጋ አጠገብ ማለፍ ነበረበት።»

«አክስቴ?» አለ ኮሊን።

ሄስተር አፏን በመዳፏ ያዘች። «እንቅልፍ ያግኝ ብዬ ነው! ሕመሙ ሲያንገላታው አድሮ ሲነጋጋ ሸለብ ሲያደርገው ያ የፓምፕ ሞተር እየጮኸ ይነሳል፣ እሱም ዓይኑን ይገልጣል። ዊልፍሬድን ረፈድ አድርግ ብዬ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። ውሃ ሲያጣ ፓምፑ ራሱ ይቆማል ብሎኝ ነበር ፒው...»

«ሙቁም ቀዝቃዛውም፣ ሁለቱም ሲዘጉ ነው ያልኩት፣ ወይዘሮ» አለ ፒው። «ሁለቱም።»

«ጩኸቱን ስሰማ ሮጬ ከፈትኩት። ረፍዶ ነበር።»

ሌናርድ የከሳ እጁን ዘረጋላት። «ሄስ፣ አልተኛሁም። አንድም ቀን ተኝቼ አላውቅም። አንቺ ትንሽ እንድታርፊ ብዬ ነው የምጨፍነው።»

«ሞተሩ ሲነሳ ግን ትገልጥ ነበር!»

«ወንድሜ ተነሳ፣ እኔም ነጋልኝ ብዬ ነዋ።»

ሙሪየል ኮት ከመስቀያው አንስታ ለሄስተር አለበሰቻት። የኮቱን ቁልፎች ራሷ ቆለፈችላት። በዳገቱ በር ሲወጡ ኮሊን አልተከተላቸውም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ አጎቱ አጠገብ ተቀመጠ።