የተሳለው ዓይን

ልጅቷ የአባቷን መኪና ወደ እንጨት ሠሪው ግቢ ስታስገባ የሞተሩ ድምፅ መንገደኛውን ሁሉ ያስቆም ነበር። ባለ ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለች፣ ዕድሜዋ ከነጂዋ የሚበልጥ የስፖርት መኪና ናት። አባትየው ካረፈ ወዲህ ቆማ በመክረሟ የእንጨት ዳሽቦርዷ ቫርኒሽ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ሊያድኑት ይችላሉ?» ስትል እንጨት ሠሪውን ጠየቀችው።

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ መረመረው። እንጨቱ ወፍራም ሳንቃ አልነበረም፤ ከአንድ ግንድ ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ልባጥ ነበር እንጂ። ስለዚህም በመሪው በኩል ያለው የእንጨት ዓይን፣ ቅርንጫፍ በቅሎበት የነበረው ክብ ምልክት፣ በወዲያኛው ወንበር ፊት ለፊት መንታ ነበረው።

«አድነዋለሁ። አንድ ሕግ ግን አለኝ፤ ብርጭቆ ወረቀት ስይዝ ማንም አያናግረኝም።»

«እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም» አለችና ሳቀች።

አንድ ቀን የረሳችውን ቁልፍ ልትወስድ፣ ሌላ ቀን የቫርኒሹን ቀለም ልትመርጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ግን ሰበብም አላስፈለጋት። በርጩማ ስባ ትቀመጥና ታወራለች፤ ሕጉ ተረሳ፤ «እርስዎ» መባባሉም ሳይታወቃቸው ቀረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአለቃዋን አረማመድ እያስመሰለች ስታስቀው፣ እጁ እንጨቱ ላይ፣ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበር። ወደ ሥራው ሲመለስ በወዲያኛው ወንበር በኩል የነበረው ዓይን የለም። ልባጡ ተፍቆ አልቆ፣ ከሥሩ ያለው የገረጣ እንጨት ራቁቱን ወጥቷል።

ቦታውን በመዳፉ ሸፈነው።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ምንም።»

እሷ ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቶ ቀለም በጠበጠ። በቀጭን ብሩሽ፣ መስመር በመስመር፣ የቀረውን መንታ እያየ የጠፋውን ሳለው፤ ቫርኒሽም ደረበበት። ማንም ቢያየው አይጠረጥርም። ጥፋቱን መናገር ማለት በዚያች ሰዓት ምን ሲያይ እንደ ነበር መናገር ማለት ነበርና፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጣቸው።

«እጅህ ይባረክ! አዲስ ሆና የለም እንዴ!» አለች ሥራው ባለቀ ጊዜ። እሱ መሬት መሬቱን አየ። እሷም ትሕትና መሰላትና የበለጠ ወደደችው። ሰንበት ብሎ መዋደዳቸውን ተነጋገሩ፤ እሱ ግን ባመሰገነችው ቁጥር ጆሮው ድረስ እየጋለ ፊቱን ያዞር ነበር።

ያስቸገረችው የልጅቷ እናት ነበረች። «የሰው አሮጌ ዕቃ ሲፈትግ የሚውል ነው ያመጣሽልኝ?» ብላ ጋብቻውን እምቢ አለች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ሥራውን እይ። ከዚያ ያሻሽን ተናገሪ።»

እናትየው መኪናዋ ወደቆመችበት የእንጨት ሠሪው ግቢ መጣች። ባሏ በሕይወት ሳለ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የተሳለውን ዓይን ዳሰሰች።

«ባለቤቴ ‹ይኸኛው የእኔ፣ ያኛው የአንቺ› ይለኝ ነበር። ስንኳረፍ እኔን ትቶ ይኼን ነበር የሚያናግረው፤ ‹እስኪ ንገሪልኝ ለዚያች ሴትዮ› እያለ።» ሳቅ ሲያንቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዳለ ጠብቀህልኛል፣ ልጄ። ክፉ ተናግሬብህ ነበር። ይህን የጠበቀ እጅ ልጄንም ይጠብቃል።»

ልጅቷ በደስታ አየችው። የተመኘው ሁሉ ያለ ልፋት በእጁ ገብቶ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር።

«እማማ፣ እሱ አይደለም።»

«ምኑ?»

«የእርስዎ ዓይን አይደለም። የእርስዎን እኔ ፍቄ አጥፍቼዋለሁ። ይህ በመሪው በኩል ካለው ከባለቤትዎ ዓይን ላይ ቀድቼ በብሩሽ የሳልኩት ነው።»

እናትየው ትኩስ ነገር እንደ ነካች ሁሉ እጇን ሰበሰበች።

«መቼ?» አለች ልጅቷ።

«የአለቃሽን አረማመድ ያሳየሽኝ ቀን። እጄን ረስቼ አንቺን ሳይ ነበር።»

«እና እናቴን አምጥቼ እዚህ እስካስቀምጣት ዝም አልክ?»

«አፍሬ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ብሶብኛል።»

ልጅቷ ከመደርደሪያው ላይ ጨርቅና ቲነር አንስታ ወደ ደረቱ ገፍታ አስያዘችው። «አጥፋው። እናቴ ፊት አጥፋው።»

አጠፋው። ቫርኒሹ ለስልሶ ተነሣ፤ ዓይኑም ቡናማ ሆኖ ከጨርቁ ጋር ወጣ። የቀረው መዳፍ የምታክል የገረጣች ቦታ ናት።

«ሌላ ልባጥ ፈልጌ ልለጥፍበት እችላለሁ፣ እማማ» አለ።

እናትየው የገረጣውን ቦታ አየች። ከዚያም በመሪው በኩል የቀረውን ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው።

«ተወው። የእሱ ካለ ይበቃኛል። የእኔማ እኔው አለሁ።»

በሩን ከፈተላት። ጉልበቷን ደግፋ ወጣችና የተነሣችበትን ወንበር አሳየችው። «ግባ።»

«እኔ?»

«ልጄ ትነዳለች፤ አንተ ጥፋትህን ፊት ለፊት እያየህ ትሄዳለህ። ስትመለሱ ስለ ሌላው እንነጋገራለን።»

ገባ። ልጅቷም ሳታየው ሞተሩን አስነሣች። ረጅም መንገድ ሄዱ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ነበር።

«ለምን አታየውም?» አለችው በመጨረሻ።

«አሳፈረኝ።»

ማርሽ ቀየረች። አፏ ዳር ላይ ፈገግታ ሊመጣ ሲል ከለከለችው፤ አልከለከል አላት።

«እንግዲያው እኔን እይ» አለችው። «አሁን እጅህ ላይ ምንም የለም።»